አቶ አንደኛ ዓይናቸውን ሲፈተኑ

በየቤተሰቡ፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው ለመታከም ሳይሆን ለማለፍ የሆነ አንድ ሰው አለ። ደሙ ሊመረመር ሲል ሦስት ቀን ጣፋጭ ይተዋል፤ ግፊቱ ሊለካ ሲል ጨው ይጠላል፤ ውጤቱን ይዞ ሲወጣ ደግሞ ዲፕሎማ እንደተቀበለ ሰው ይንጎማለላል። ይህ ሰው የሌለበት ቤት ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ሄጄ ጥቂት ቀን ማረፍ እፈልጋለሁ።

ለእኛ ቤት የደረሱት አማቼ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ወረቀቱን እፊቱ ይቀድዱበት ነበር አሉ። ተማሪ ሳሉ ከአንደኛ ወርደው እንደማያውቁ በሠርግም በለቅሶም ስለሚነግሩን፣ ከጀርባቸው ክቡር አቶ አንደኛ እንላቸዋለን።

ክቡርነታቸው ግላኮማ አለባቸው፤ የዓይን ግፊት የሚባለው። እሳቸው ላይ አላመመም፣ አላቀላም፤ ዝም ብሎ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል፤ የበላውንም አይመልስም። ማታ ማታ አንዳንድ ጠብታ፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ ምርመራ ታዞላቸዋል። ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። አለቃዬ «ዛሬም አማትህ?» ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው።

ጠብታውን የሚያደርጉት ለቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሐኪሟ ለክታ «ግፊቱ ደኅና ነው» ስትል ዞር ብለው ያዩኛል።

«አባባ፣ በየቀኑ ነው እኮ የታዘዘው።»

«ልጄ፣ ዋናው ማለፍ ነው።»

ሰሌዳውን ማንበብ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እግሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የዞረ ፊደል ተደርድሮበታል፤ ታማሚው እግሩ ወዴት እንደሆነ በእጁ ያሳያል። አማቼ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይሰየሙና የቀደማቸው ሰው ሲጠየቅ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በቃላቸው ይይዛሉ። አንድ ቀን ተራቸው ሲደርስ ነርሷ ሰሌዳውን ገልብጣው ኖሮ፣ የቀደሙትን ሴትዮ መልስ አንድም ሳይሳሳቱ አወረዱላት። ነርሷ እስኪጨርሱ ጠበቀች። እኔ የግድግዳውን ቀለም ሳጠና ቆየሁ።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ መረር አለ። ግፊቱ አልበቃ ብሎ የዓይን ሞራ ተጨምሮባቸዋል። ሐኪሟ ሞራው በቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ፣ መጀመሪያ ግን ግፊቱ የቱን ያህል እንደበላቸው ማወቅ እንዳለባት ነገረችን። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ። አገጭን አስደግፎ መሃል ያለችውን ነጥብ እያዩ፣ ብልጭታ በታየ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። አማቼ ገቡና ብልጭታ ኖረም አልኖረም፣ እንደ ጸሐፊ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉት ጀመር።

ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። «ይሄ ውጤት አይታመንም» አለችኝ። «በዚህ ወረቀት ዓይናቸውን አልነካም። በሦስት ወር ይምጡ።»

ኮሪደሩ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «አባባ፣ እስከዚያ የቀረው ቢጠፋስ? ማንን ነው የሚያታልሉት?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። 

«ጠዋት ጠዋት ለእናታችሁ ኢንሱሊኑን የምሞላላት እኔ ነኝ» አሉ። «የሷን ዓይን ስኳሩ ጨርሶታል። እኔም አላይም ካልኩ እሷን አንተና ሚስትህ ትወስዳላችሁ፣ እኔን ወንዱ ልጄ ይወስደኛል። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን፣ በስተርጅና በየልጁ ቤት ልንከፋፈል ነው።»

«የመርፌው መስመር አሁን ይታይዎታል?»

«መስኮት ጋ ስሄድ ይታየኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን ሞልቼ ደፋሁ፣ እንደገና ሞልቼ ደፋሁ። በመጨረሻ በግምት ወጋኋት።» እጃቸውን አዩት። «ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ስሰማ ዋልኩ።»

እኚህ ሰው በግምት ለሚሠራ ተማሪ ዜሮ ይሰጡ ነበር። ድካሜም ንዴቴም የት እንደገባ አላውቅም።

«ማንም አይለያችሁም» አልኩ። «ለመርፌው ጠዋት ጠዋት እኔ እመጣለሁ።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ቤታችን ከቤታቸው በሁለት አውቶቡስ እንደሚገናኝ ያስታወስኩት።

አማቼ ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ሄደውም የሐኪሟን በር አንኳኩ።

«ዶክተር» አሉ፣ «እስካሁን ስኮርጅ ነበር። እንደገና ፈትኚኝ።»

ፈተነቻቸው። አሁን የቁልፉ ድምፅ አልፎ አልፎ ነበር የሚሰማው፤ በመሃሉ ረጅም ዝምታ አለ። የወጣው ወረቀት ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ ጥቂት ንጣት ቀርቷል። ሐኪሟ ሌላ ጠብታ ጨመረች፤ ለሞራውም ቀን ቆረጠች።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ወፍ ሲንጫጫ ተነሥቼ ሁለት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። መርፌውን ይዤ መስኮቱ ጋ ስቆም አማቼ ከኋላዬ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ።

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ስምንት፣ አባባ።»

«እርግጠኛ ነህ? ደግመህ እየው።»

ባለቤታቸው አልጋው ላይ ሆነው ይስቃሉ። እኔ እንቅልፌን አልጠገብኩም፤ ለሥራም አርፍጃለሁ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ግን እወዳቸዋለሁና፣ ደግሜ አየዋለሁ።