ሁለት መድረክና አንድ አባት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያለው ሰው ጥሩ ተናግሯል። ግን ዛፍ ዝም ብሎ የሚቆም ነገር ነው። አንዱን ትታችሁ ሌላውን ብትወጡ የተተወው ዛፍ አያኮርፍም፤ እራት አልበላም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አያዞርም። እኔ እንደምገምተው ይህን የተረተው ሰው ወይ ልጅ አልነበረውም፣ ወይ አንድ ብቻ ነበረው። ሁለት የወለደ ሰው ተረት ለመጨረስ እንዲህ አይቸኩልም።

እኔ ሁለት ወልጃለሁ። የሱሉልታ ገበሬ ነኝ፤ ገብስ እዘራለሁ፣ ድርቆሽ እከምራለሁ፣ ላም አልባለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ በሬ ጠፍቶ ፍለጋ የወጣሁ ዕለት ቀረ። በሬው ተገኝቷል። ወሬ አላበዛም፤ ጎረቤቶቼም «ኦቦ ደምሴ ዛሬ ተናገረ» ከተባለ ዝናብ ይመጣል ብለው ድርቆሻቸውን ይሸፍናሉ። በጽሑፍ ግን እንደምታዩት ትንሽ እለፈልፋለሁ። ወረቀት መሃል ገብቶ አያቋርጥም።

ታላቁ ልጄ ገመቹ ቡራዩ ብረት ሲበይድ ይውልና ማታ ማታ ማሲንቆ ይጫወታል። ታናሿ ብርቄ ሰበታ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ዕረፍት ስትሆን ራፕ ትላለች። ራፕ ማለት ለማታውቁት፣ ሳይተነፍሱ መናገር ነው። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ የቆጠብኩትን ቃል እሷ በአንድ ዘፈን ትጨርሰዋለች። ልጅ የአባቱን ጥሪት ያጠፋል የሚባለው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ከእኛ ሰፈር በታች ያለውን የግጦሽ ሜዳ ተከራዩና የሙዚቃ ፌስቲቫል አዘጋጁ። አንድ መድረክ በወንዙ በኩል፣ ሌላ መድረክ በአስፋልቱ በኩል አቆሙ። ስም ያላቸው ዘፋኞች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጀማሪዎቹ ደግሞ ገና ፀሐዩ አናት ሲበላ እንዲጫወቱ ተባለ። ሁለቱም ልጆቼ ከጀማሪዎቹ ጋር ተጋበዙ። ቤታችን ለጥቂት ቀን ደስታ ሆነ። ከዚያ መርሐ ግብሩ ወጣ። ገመቹ ዘጠኝ ሰዓት፣ በወንዙ በኩል። ብርቄ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአስፋልቱ በኩል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት አልተነጋገሩም። በመሃላቸው የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ አባዬ የማን መድረክ ፊት ይቆማል? እናታቸው አስካለ አልተቆጠረችም። አስካለ ለሁለቱም ታጨበጭባለች፤ ለጎረቤት ጥጃ ተነሥቶ መቆምም ታጨበጭባለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም፣ ጎበዝ ብዬም አላውቅም። ከገበያ የጠፋ ዕቃ እንደሚወደደው የእኔም ጆሮ ተወደደ።

ብርቄ ደወለች። «አባዬ፣ ይመጣሉ አይደል?»

«እመጣለሁ።»

«ወደ እኔ?»

«አይሰማም» አልኩና ዘጋሁት። በደንብ ይሰማ ነበር።

ገመቹ በአካል መጣ። ሳልጠይቀው የግቢውን በር በየደልኝ። በሩ ደህና ነበር፤ አሁን ነው የማይከፈተው። ሲሄድ፣ «እንግዲህ አባዬ፣ ታላቅ እኔ ነኝ። ሌላ አልልም» አለ። ሌላ ምን ቀረው?

ጭንቅ ሲሆንብኝ ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሄድኩ። አካም ጅርታ፣ ፈያ፣ ከብቱ፣ እህሉ ተባብለን ስናበቃ ነገሬን ነገርኩት። ቱሉ አገጩን ይዞ አሰበ።

«ሁለት ሠርግ በአንድ እሁድ ሲውል ምን ታደርጋለህ? ባል አንዱ ጋ፣ ሚስት አንዱ ጋ።»

«አስካለ ለጥጃም ታጨበጭባለች» አልኩት።

«ኤዬ፣ እሱስ እውነት ነው። እሺ ግማሹን ሰዓት እሱ ጋ፣ ግማሹን እሷ ጋ።»

«ማን ጋ ልጀምር?»

እንደገና አገጩን ያዘ። ድንገት ፊቱ በራ። «አንተ ስንት የድንበር ጠብ ዳኝተሃል! ሽማግሌ ወሰን ሊያይ ሲሄድ የት ነው የሚቆመው?»

«ወሰኑ ላይ።»

«በቃ!» አለና ጭኑን መታ።

እዚህ ላይ አትሳቁ። በእኛ አገር የድንበር ዳኛ የአንዱን ማሳ አይረግጥም። አንድ እግሩ ወደ አንዱ ካዘነበለ ነገሩ እስከ ልጅ ልጅ ይዘልቃል። ስለዚህ የፌስቲቫሉ ዕለት ጧት ከቱሉ ጋር ረጅም ገመድ ይዘን ወርደን ከመድረክ መድረክ ለካን፣ ገመዱን እኩል አጠፍንና መሃሉ ላይ ችካል ተከልን። የፌስቲቫሉ ልጆች መብራት የምንዘረጋ መስሏቸው «በርቱ አባቶች!» አሉን። በረታን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካፖርቴን ለብሼ፣ ዱላዬን ይዤ ችካሉ አጠገብ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ወንዙም ወደ አስፋልቱም አላዞርኩም፤ ወደ እንጦጦ አዞርኩት። ተራራ ወገን የለውም።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። በቀኝ ጆሮዬ የገመቹ ማሲንቆ ያለቅሳል። በግራ ጆሮዬ ብርቄ ትቆጣዋለች። እሱ ይባስ ያለቅሳል፣ እሷ ይባስ ትቆጣለች። ዓይኔን ስጨፍን ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። አንዱንም አጥርቼ አልሰማሁም። ነገር ግን ሁለቱም ከመድረካቸው ላይ ያዩኛል፤ አንዱም አባቴ ለሌላው አደላ ሊል አይችልም። ፍርዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይግባኝ የማይባልበት ሆነ ብዬ ኮራሁ።

ያን ጊዜ ነው ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ የለበሰች ልጅ የመጣችው። እኔን አየች፣ ችካሉን አየች።

«አባቴ፣ ሰልፍ ነው?»

ሁለቱም ጆሮዬ ስለተያዙ አልመለስኩላትም። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጥራ ከኋላዬ ቆመች። ወዲያው አንድ ጎረምሳ መጣ።

«የምን ሰልፍ ነው?»

«እኔ እንጃ። እኚህ አባት ናቸው ቀድመው የያዙት።»

«ታዲያ እሳቸው ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ ዝም ብለው አይቆሙም» አለና ከኋላዋ ቆመ።

እናንተም ብትሆኑ ትቆሙ ነበር። ማታ ማታ የቡራዩ ታክሲ የጠበቀ ሰው ሁለት ሰው ተከታትሎ ቆሞ ካየ፣ ሦስተኛ የሚሆነው እግሩ ራሱ ነው፤ እሱን አያማክረውም። መጀመሪያ ይቆማል፣ ኋላ ይጠይቃል። ጠይቆ የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ጭራ ነው። ዘወር ብዬ ሳይ ሰልፉ ከወንዙም ከአስፋልቱም ሰው እየሳበ ይረዝማል። አንዱ ቲሸርት በነጻ ነው ይላል፣ አንዱ ሽንት ቤት ነው ይላል፣ ሌላው የከተማ አውቶቡስ ነው ይላል። ቀጥሎ ማንም ያልሾመው አንድ ተራ አስከባሪ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ አለ። ሰውን በትከሻ ያስተካክላል፣ ጣልቃ የገባውን ያወጣል። እኔን ግን በአክብሮት ነው ያናገረኝ።

«አባት፣ አንቱ እንዳይነቃነቁ። አንቱ ከተነቃነቁ ሰልፉ ይበላሻል።»

መሃል ለመቆም ፈቅጄ ነበር የመጣሁት። አሁን መሃል ታሰርኩ።

ሁለቱ መድረኮች ፊት ሣሩ ብቻ ቀረ። አስካለ እንኳ፣ በሁለቱ መድረኮች መካከል እየሮጠች ስታጨበጭብ የነበረችው አስካለ፣ ሰልፉ ውስጥ ቆማ አየኋት።

«አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዘይት መጣ አሉኝ» አለችኝ፤ ከዚያ ግንባር ላይ መሆኔን አየችና በኩራት ለጎረቤቷ፣ «ባሌ ናቸው» አለቻት።

ማሲንቆው ቆመ። ራፑም ቆመ። ብርቄ ከአስፋልቱ በኩል፣ ገመቹ ከወንዙ በኩል እየተቆጡ መጡ። ቀድማ የደረሰችው ብርቄ ናት።

«አባዬ! ሰዉን ምን ብለው ነው የወሰዱብን?»

«የወሰዱብን» ማለቷን ልብ በሉ። ከመርሐ ግብሩ ወዲህ ወንድሟን ጨምራ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መልስ ሳልሰጣት ከኋላ «ሰልፍ ያዙ! ሰልፍ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«እኔ እኮ ዘፋኟ ነኝ!» አለች።

«ዘፋኝም ይሰለፋል» አላት ተራ አስከባሪው። «አንተም ማሲንቆህን ይዘህ ከኋላዋ። እዚህ ዘመድ የለም።»

እኔ አባታቸው ከፊት ቆሜ፣ ሁለቱ ልጆቼ ሰልፉን ዞረው ወደ ጭራው ሄዱ። እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ። ቀና ብዬ ሳይ እያወሩ ነው። ስለ እኔ መሆኑ ከእጃቸው አወራወር ያስታውቃል፤ ቢሆንም ያወራሉ።

ሰዓቱ ሲገፋ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «አባት፣ ይጀመር እንጂ!» ምን ልጀምር? ብዙ አሰብኩና እውነቱን ከኋላዬ ለቆመችው ባለ ቀዳዳ ሱሪ ነገርኳት።

«ምንም የለም።»

ልጅቷ ወደ ኋላ ዞራ ጮኸች፤ «አልቋል ብለዋል!»

ጠብ ይነሣል ብዬ ዱላዬን አጥብቄ ያዝኩ። ምንም አልሆነም። ሕዝባችን ምንም የለም የሚለውን ሰው አያምንም፤ አልቋል የሚለውን ግን ያውቀዋል። ተነፈሰ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ተበተነ። «ከኋላ በር ወጥቶ ነው እንጂ ይሄን ያህል ቶሎ አያልቅም ነበር» ሲል የሰማሁት ሰውም ቢሆን ያዘነ እንጂ የተቆጣ አልነበረም።

ያን ጊዜ የልጆቼ ሰዓት አልፎ መድረኮቹ ለሌላ ሰው ተሰጥተው ነበር። አራታችን ሽቅብ ወደ ቤት ስንወጣ ማንም አልተናገረም። ዝምታ የእኔ ሙያ ነው፤ በሌሎች ሲሠራብኝ ግን እንደሚከብድ አየሁ። በረቱ ጋ ስንደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አልሰማኋችሁም። ላሟን እያለብኩ ተራ በተራ አሰሙኝ።»

ሁለቱም ቆሙ። አስካለ ደመና እንዳለ ለማየት ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። አሁን ማን ይቅደም ብለው ሊጣሉ ነው፤ ቱሉንም ልጠራው ነው ብዬ ስጠብቅ ገመቹ ራሱን አከከ።

«ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበረችው እሷ ናት» አለ።

አለቀ። እኔ በገመድ ለክቼ፣ ችካል ተክዬ ያልፈታሁትን ነገር ያ ያልተሾመ ተራ አስከባሪ ፈቶታል። አባት ያደላል፤ ሽማግሌ ይታማል። ሰልፍ ላይ ከፊትህ የነበረ ሰው ግን ከፊትህ ነበር።

ብርቄ በረቱ ውስጥ ጀመረች። ቃሏን ግማሹን እንኳ አልያዝኩትም፤ ፍጥነቷ የጎርፍ ነው። እኔ ግን የላሟን ጡት ይዣለሁ፤ ላሟ ወተቷን አልከለከለችም፣ እንዲያውም ለቀቀችው። ስትጨርስ ሁለቱም አፌን ጠበቁ።

«ላሟ አልደነገጠችም» አልኳት።

ብርቄ ፊቷን አዞረችና በእጅጌዋ ጠረገችው። ምን እንዳልኳት ገብቷታል፤ ልጄ ናት።

«ቀጥል» አልኩት ገመቹን። ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከኋላዋ ተጠጋ። ከእሱ ኋላ ደግሞ አስካለ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«አንቺስ ምን ልትዘፍኚ ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ» አለችኝ አስካለ። «ሰው ቆሞ አየሁና ቆምኩ።»