የጋሼ ኩራሞቺ ካሜራ

«ቆዩ፣ ፎቶ ላንሳችሁ» የሚል ሽማግሌ የሌለው ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ለእኛ፣ ለኦሳካዎቹ የተንማ ሰፈር ሰዎች፣ የደረሱን ክቡር ጋሼ ኩራሞቺ፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ሻጩ ናቸው።

ካሜራቸው በጦርነቱ ዘመን የተሠራ ተጣጣፊ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ሌንሱ እንደ አኮርዲዮን ከሚዘረጋ ወናፉ ጋር ብቅ ይላል። ወናፉ ቆዳ በጠፋበት ጊዜ የተሠራ ስለሆነ በየዓመቱ ይበሳል፣ እሳቸውም በየዓመቱ በጥቁር ቀለም ይደፍኑታል። አዲስ ይግዙ ብሎ የመከራቸው ሰው የዚያን ቀን የሚደርሰው ቶፉ ከጠርዙ የተፈረፈረው ነው።

ርቀት የሚለኩት በሲባጎ ነው። አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ፣ ሌላውን የተነሺው አፍንጫ ላይ ያደርጋሉ። የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር እንኳ አፍንጫቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከዚያ ጋሼ ፀሐይዋን ያያሉ፣ ያስባሉ፣ ፀሐይዋ ትሄዳለች፣ እንደገና ይለካሉ። የቼሪ ዛፉ ሥር አቁመውን አበባው ረግፎ ያለቀበት ዓመት አለ ብል የሚቃወመኝ ጎረቤት የለም።

ከሁሉ የባሰው መርሳታቸው ነው። ፊልሙን በእጅ ካላዞሩት ካሜራው ሁለተኛውን ፎቶ እዚያው ላይ ይደርበዋል። ሊቀመንበሩ ንግግር ሲያደርጉ በተነሱት ፎቶ ላይ ደረታቸው ላይ እንደ ኒሻን የተንጠለጠለ ዓሣ ይታያል። ስለዚህ ካሜራው በተከፈተ ቁጥር ሰፈሩ ባንድ አፍ «ጋሼ፣ ፊልሙን አዙረዋል?» ይላል። «ቶፉ የምሠራው እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?» ይላሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።

አምና አበባው ሲፈካ እናቴን በራችን አግዳሚ ላይ አስቀምጠው አነሷት። ፎቶ የምትጠላ ሴት ነበረች፤ እሺ ያለችው ለእሳቸው ሲባጎ ብቻ ነው። በዝናቡ ወር ሞተች። ለቤታችን የሙታን መታሰቢያ የሚሆን ሌላ ፎቶ ስላልነበረኝ ፊልሙን እንዲያሳጥቡልኝ ለመንኳቸው።

«አንዲት ፎቶ ቀርታኛለች» አሉ። «ፊልም አይባክንም።»

በመኸር ልጄ ተወለደች። በልማዳችን ሕፃኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መቅደስ አቅፋ የምትሄደው የአባት እናት ናት። እኛ ግን የምታቅፍልን አልነበረችም። ልንወጣ ስንል ጋሼ መጡ፤ ልጄን ብቻዋን አግዳሚው ላይ አስተኝተው፣ ለክተው አነሷት። ሁላችንም ሆድ ብሶን ስለነበር የተለመደውን ጥያቄ ማንም አላነሳውም።

ከሳምንት በኋላ ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና ደጃፌ ላይ ተንበርክከው አጎነበሱ።

«እናትህን አበላሸሁብህ» አሉ። «አላዞርኩትም።»

ጨርቁን ፈታሁት። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ልጄ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

ዘንድሮ በሰፈራችን በዓል ሲባጎው ወደ አፍንጫችን ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ፣ ፊልሙን አዙረዋል?» አለ። እኔ ብቻ ዝም አልኩ።