ሌባ ብዬ የለጠፍኳቸው በጎች

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ስልክሽን ገደል ጣይው» ትሉኛላችሁ!



እዚህ የፎቶ ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ። የሰባት ልጆች አያት ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ፎቶ ማንሳት ግን ከናንተ ተምሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዳችሁ «እማማ፣ ጥሩ ብርሃን የሚገኘው ፀሐይ ብቅ ስትል ነው» ብላችሁ መከራችሁኝ።

እኔም ሰማሁ። መስማቴ ነው ጉዱ!

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ጓሳ ወጣሁ። ለማታውቁት፣ ጓሳ የመንዝ ሰው በጋራ የሚጠብቀው የሣር ምድር ነው። አሁን ዝግ ነው። እስኪከፈት ድረስ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ሲከፈት ሁሉም ያጭዳል፤ ቤታችንን የምንከድነው በሱ ነው።

ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ነበር። አነሳሁ። ደግሜ አነሳሁ። ዞር ስል ምን ልይ? በጎች! በተከለከለው ሣር ውስጥ፣ እንደ ሠርግ እድምተኛ ተደላድለው ይግጣሉ!

ደሜ ፈላ።

እነሱንም አነሳሁና ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለጠፍኩ። ከሥሩ ምን ብዬ የጻፍኩ ይመስላችኋል? «የሁላችንን ሣር ለብቻው የሚያስግጥ ይህ ሌባ ማነው? የምታውቁት ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ!»

ላይኩ ጎረፈ። «ጀግና እናት!» አላችሁኝ። እኔም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩ።

ከዚያ ጎረቤቴ ዘውዱ ጻፈ።

«እትዬ ብርቄ፣ ፎቶውን እስቲ ዙም ያድርጉት። የፊተኛዋ በግ ቀኝ ጆሮ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ አይደለም?»

እኛ አገር በግ ቢቀላቀል የሚለየው በጆሮው ምልክት ነው። ቀኝ ጆሮ ሁለት ቦታ የሚሰነጥቅ ደግሞ በአካባቢው አንድ ቤት ብቻ ነው።

የኔ ቤት!

ለካ ለብርሃኑ ስጣደፍ የበረቱን በር ሳልዘጋ ወጥቻለሁ። ያቺ መሪዋ በግ ጨው ከእጄ ስለለመደች ተከትላኛለች፤ ሌሎቹ ደግሞ እሷን። በዚያ ጭጋግ፣ ያለ መነጽር፣ ሌባ ስፈልግ የገዛ በጎቼን አላወቅኋቸውም!

ላጠፋው ስል ዘውዱ ቀደመኝ። «ስክሪንሾት አንስቻለሁ እትዬ፣ አይድከሙ።»

ዘውዱ ቂም ቢይዝ አይፈረድበትም። አምና በሬው ገመድ በጥሶ ጓሳ ገብቶ ተያዘ። ጓሳውን የሚያስጠብቁት ሽማግሌዎች ሊምሩት ሲሉ ተነስቼ «ጥፋት ጥፋት ነው! ሣሩ ሲከፈት ማጭድ ይዞ እንዳይገባ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። አስወሰንኩበት። ቤቱ ሲያፈስ ከረመ።

ዘንድሮ የሚያፈሰው የኔ ቤት ነው። ጓሳው እስኪከፈት ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳይጠሩኝ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ዘውዱም እዚያው ነበር። ፎቶውን ሁሉም አይቶታል። ትልቁ ሽማግሌ «እርስዎ እንኳ ሳያውቁ ነው፣ ዕድሜዎንም አይተን...» ብለው ጀመሩ።

«የዘውዱስ በሬ አውቆ ነው? ለሱ ያልራራ ሕግ ለኔ ከራራ ሕግ አይደለም፣ ዝምድና ነው። እኩል ፍረዱብኝ!» አልኩ።

እውነቱን ልናገር? ትንሽ ይለምኑኛል ብዬ ነበር።

«እሺ» አሉ። ወዲያው! «አይዞዎት» እንኳ የለም!

ዘውዱ ደነገጠ። «ኧረ እትዬ፣ እኔ ለጨዋታ ነው የጻፍኩት!»

ለጨዋታ!

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ያኔ የተበጠሰውን ገመድ አሳየኝ እንኳ አላልኩህም» አልኩት።

«አሳይቼዎት ነበር እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «አላዩትም እንጂ።»

ይህን ስሰማ ከፍርዱ ይበልጥ ደነገጥኩ። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ ባይዋ!

ፎቶውን አላጠፋሁትም። ከሥሩ የጻፍኩትን ብቻ ለውጫለሁ፦ «ሌባዋ እኔ ብርቄ ነኝ።» አድሚናችን ደግሞ ምን አለ? «የሳምንቱ ምርጥ ፎቶ» ብሎ ከላይ ሰቀለው!

እንግዲህ ንገሩኝ። ክረምት ሲገባ ከሚያፈስ ጣሪያዬ ሥር ድስት ደርድሬ ፎቶ ባነሳ፣ ላይክ ታደርጉልኛላችሁ ወይስ «እሰይ! የእጇን አገኘች» ትላላችሁ?