የኢክራም ጨዋነት የት ሄደ

ጨዋ ልጅንና የታመመ ልጅን በምን ትለያላችሁ? እኔ ሁለት ወልጄ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

እኛ ዘንድ ልጅ ዝም ሲል የምትመሰገነው እናቱ ናት። ጅቡቲ መጥተንም ይህን አልተውንም። ዋራበሌ ሰፈራችን ውስጥ የሰው ልጆች ከፍየሎች ጋር ሲሯሯጡ፣ የኔዋ ኢክራም በአራት ዓመቷ ጥላ ፈልጋ ቁጢጥ ትላለች። አትጮኽም፣ አትወጣም፣ አትወርድም። ጎረቤቴ እትዬ ሳዕዳ፣ የድሬዳዋዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሦስት ወንዶቻቸውን በነጠላ ጫማ እያባረሩ፣ "አቦ አንቺ፣ እንዴት አድርገሽ ነው ያሳደግሻት?" ይሉኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "ልጅ ቤቱን ነው የሚመስለው" እላለሁ። ቤታችን ውስጥ እኔና አባቷ ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው።

አንድ ቀን ለትኩሳት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ከንፈሯን አየ፣ እንደገና አዳመጠ። "ስትሮጥ ይደክማታል?" አለኝ በነርሷ በኩል።

"ኧረ አትሮጥም፤ ጨዋ ናት" አልኩ በኩራት።

ነርሷ በፈረንሳይኛ ነገረችው። እሱም ጻፈው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ስለ ልብ ግን ተረቱ ምንም አይልም። ለካ የልጄ ልብ ቀዳዳ አለበት፤ ደሙ ወደ ሳንባዋ የሚሄድበት መንገድም ጠቧል። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው ሊሰፉት ሆነ። አባቷ ከባድ መኪናውን ዶራሌ ወደብ አቁሞ መጣ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ተቀምጠን፣ ከተጋባን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንጨቃጨቅ ዋልን። አላህ ይመስገን፣ በሰላም ወጣች።

ጥቂት ወራት አለፉ። ኢክራምን ከእትዬ ሳዕዳ ጣሪያ ላይ አወረድናት። ፍየል ትጋልባለች። ትልቁን ልጃቸውን ነክሳዋለች። ለቀጠሮ ስንሄድ፣ "ዶክተር፣ ስትሰፏት የነካችሁት ነገር አለ፤ ልጄ ባለጌ ሆነችብኝ" አልኩት። ነርሷ ተርጉማ ሳትጨርስ ሳቀ።

"ጸባይዋ ይኸው ነው፤ ድሮ አቅም አጥታ ነው" አለ።

አራት ዓመት ሙሉ የተመሰገንኩበት አስተዳደግ፣ ቀዳዳ ነበር።

አሁን ደግሞ እትዬ ሳዕዳ የስምንት ወሩን ወንድሟን ታቅፈው፣ "ማሻ አላህ፣ ይሄኛውማ ድምፁም አይሰማ!" ይላሉ። ሲሄዱ ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ። ዱብ ዱብ ይላል፤ ደህናውን ዱብታ ከመጥፎው የሚለይ ጆሮ ግን አልተሰጠኝም። አባቱ "በደህና ልጅ አታሟርቺ" ይለኛል።

እስቲ እናንተ ያሳደጋችሁ ምከሩኝ፤ አመስግኜ ልቀመጥ ወይስ ጨዋ ልጅ ወለድኩ ብዬ ሐኪም ቤት ልሩጥ?