የአያ ታደሰ ወታደር ጫማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጢሙ ሸብቶ አሻንጉሊት ወታደር የሚሰበስብ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ ባሱንዳ በሚባል ቆላ የሰሊጥ እርሻ ያለው አሠሪያችን አያ ታደሰ ነው። ስንዝር ተኩል የሚሆኑት ወታደሮቹ ኮዳ፣ ቀበቶ፣ ማሰሪያ ያለው ቦት ጫማ አላቸው። እኛ አጫጆቹ ጫማ ብንለምነው ግን «እናንተ መሬቱን ለምዳችሁታል» ይለናል።

አንድ ቀን አንዱን ወታደር ሰሊጥ መሀል አቁሞ ፎቶ ሲያነሳው የወታደሩ አንድ እግር ጫማ ጠፋበት።

«ያላ! አጨዳው ይቁምና ፈልጉ!» አለን።

የደረሰ ሰሊጥ በሰዓቱ ካልታጨደ ይረግፍ የለም እንዴ? ይርገፋ! በባዶ እግራችን ጉቶ ለጉቶ ስንርመሰመስ ዋልን። በመጨረሻ ጓደኛዬ ጌጡ፣ ጉቶ ወግቶ ባደማው እግሩ ጫማውን ረገጠው።

አያ ታደሰ ጫማውን ነጥቆ፣ የጌጡን ደም ጠራርጎ ለወታደሩ አጠለቀለት።

«ተመስገን!» አለ፤ «በባዶ እግሩ ሊቀር ነበር። ይሄ መሬት መቼ ያስረግጣል?»