«ልጅቷን እኔ አውቃታለሁ»

በዓለም ላይ ፊልም የሚሠሩ አሉ፣ ፊልም የሚያዩ አሉ፤ ማንም ሳይሾማቸው ፊልም የሚነግሩ ደግሞ አሉ። እርስዎም አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠዋል። በሩ ሳይከፈት ማን እንደሚገባ ይነግሩዎታል፤ ሽጉጡ ሳይተኮስ የሟቹን መርዶ ያረዱዎታል። ዝም እንዲሉ ቢለምኗቸው «እሺ» ይሉና፣ ለምን ዝም እንዳሉ ሲያስረዱ ጨዋታው ያልፋል።

የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሕንድ ፊልም ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ ክብርት እትዬ ውብዳር ናቸው። ሕንድኛ አንድ ቃል አያውቁም። ይህ ግን ከሥራቸው አግዷቸው አያውቅም።

ከሕንድ ተዋናዮች ሁሉ የሚከተሉት አንዷን ነው። ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ «ልጅቷ» ነው የሚሏት። ልጅቷ ዛሬ እንደ እሳቸው ሰማንያ አልፏታል። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሲያገኟት ዝናብ ውስጥ የምትዘፍን ኮረዳ ነበረች። ከዚያ ሙሽራ ሆነች፣ ከዚያ የተገፋች ምራት፣ ከዚያ ነጭ ሳሪ የለበሰች መበለት። ኋላ ደግሞ፣ ትናንት በዛፍ ዙሪያ ሲያሳድዳት ለነበረው ሰውዬ እናት ሆና ብቅ አለች። እትዬ ውብዳር ይህን እንደ ግል ጥቃት ቆጠሩት። እሱ ፀጉሩን ቀለም ተቀብቶ ጎረምሳ ሲባል እሷን ያስረጇታል ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። ልጅቷ ግን አላኮረፈችም። እናትነቱንም አያትነቱንም ተቀበለች፤ ዳኛ ሆነች፤ ዐይነ ስውር ሆና ልጇን በኮቴው ለየች። የሰጧትን ሁሉ አሳምራ ሠራች።

ከአገር ወጥተን ኦክላንድ በገባንባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቸው አፓርትመንት እንሰበሰብ ነበር። ካሴቱን በርክሊ ካለ ሕንድ ቅመም ሻጭ ይከራያሉ፤ ከምስሉ ሥር የእንግሊዝኛ ትርጉም ጽሑፍ አለው። ሶፋው ለአራት የተሠራ ነው፤ ስምንት እንሆንበታለን። የኔን ቦታ የሚሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። «ሀብቴ፣ አንተ እዚህ» ብለው በስተቀኛቸው ያስቀምጡኛል። ከዚያ ይጀምራሉ። አሁን አባቷ ይቆጣል፣ አሁን ደብዳቤው ይገኛል፣ ቆይ፣ ይኸው። ልጅቷ በጥይት ተመታ ስትወድቅ እኛ እንደነግጣለን፤ እሳቸው ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

«አትሞትም። ልጅቷን እኔ አውቃታለሁ።»

ከሁሉም አብዝቼ የምቃወማቸው እኔ ነበርኩ። «እትዬ፣ እኛም እኮ ዐይን አለን» እላለሁ ኮስተር ብዬ። ሰው ይስቃል። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀጥላሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ እሑድ፣ በፊልሙ ከቤት የጠፋው ልጇ ተመልሶ ደጇ ቆመና ልጅቷ አንድ ነገር አለችው። እትዬ ውብዳር «ግባ ልጄ፣ በሩን መቼ ዘጋሁት?» ብለው ነገሩን። እኔ ጽሑፉን አየሁት። «ከቤቴ ውጣ» ነው የሚለው። በመጨረሻ ያዝኳቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ዞር ስል ግን፣ ከወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት ያልተነጋገረው ጓደኛችን ሰርፀ ፊቱን በመዳፉ ይጠርጋል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሰርፀ በማግስቱ ለወንድሙ ደወለ።

አሁን እትዬ ውብዳር ሳን ሆዜ ከልጅ ልጃቸው ከሔርሜላ ጋር ይኖራሉ። ዐይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፤ መሀሉ የለም። ሰው ሲያዩ ትከሻው አለ፣ ፊቱ ጠፍቷል። ባለፈው ወር ሔርሜላ ሳኒቬል ካለው ቢሮዋ ደወለችልኝ። የልጅቷ የመጨረሻ ሥራ ነው የተባለ ፊልም መጥቷል፤ ቲኬት ቆርጣለች፤ አያቷ ግን አልሄድም ብለዋል። «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ሺ ሊስንስ ቱ ዩ» አለችኝ። እኔን ሰምተውኝ አያውቁም፤ ቢሆንም ሄድኩ።

«ዕድሜ ልኬን ስነግር ኖሬ፣ አሁን የሚነገራት ሴትዮ ልሁን?» አሉኝ። «አላደርገውም፣ ሀብቴ። ልጅቷ እኔ እንደማውቃት ትቅር።»

ልጅቷን ሳይሰናበቱ ሊቀሩ ነው። የምላቸው የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አርባ ዓመት ግድም ለማንም ሳልናገር ይዤው ነበር።

«እኔ ስምንት ዓመት ፊልም ተነግሮኛል፣ እትዬ። አልሞትኩም። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። እንግሊዝኛውን ብቻ አይደለም፤ አማርኛውንም።»

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ እንደሆነ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛውንም እዚያው ለቃቀምኩት። ያ «ከቤቴ ውጣ» መጀመሪያ አሟልቼ ያነበብኩት ጽሑፍ እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ምግብ ቤት ስንሄድ ሁልጊዜ ሰርፀ ያዘዘውን ነበር የምታዘው፤ ዓሣ እየጠላህ እንኳ። ሌሎቹማ ያነቡ ነበር። ያን ሁሉ ጉሮሮዬን የፈጀሁት ለማን ይመስልሃል?»

መልሴን አልጠበቁም። «በል ካፖርቴን አቀብለኝ» አሉ።

አዳራሹን የሞሉት እናቶቻቸውን ይዘው የመጡ የኩፐርቲኖ ሕንዳውያን መሐንዲሶች ናቸው። እኔ እንደ ድሮው በስተቀኛቸው ተቀመጥኩ። ልጅቷ ፊልሙ ላይ ብቅ ስትል ሁሉም አጨበጨበ። ምን ለብሳለች አሉኝ፤ ነጭ ሳሪ አልኳቸው። «እንግዲያው መበለት ናት» አሉና ተደላደሉ። ማንበብ ጀመርኩ። የኔ ንባብ ዝግ ያለ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ አይጠብቅም። እየዘለልኩ፣ እያላበኝ ተከተልኩት። መጨረሻው ላይ፣ በወጣትነቷ የከዳቻት እህቷ አርጅታ በሯን አንኳኳች። ልጅቷ ከፈተች፤ ተናገረች። ያየሁትን በታማኝነት አነበብኩ።

«‹አላውቅሽም› አለቻት።»

«የለም» አሉ እትዬ ውብዳር፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «የተጻፈው እሱ ይሆናል። ድምፅዋን ስማ እንጂ። ልጅቷን እኔ አውቃታለሁ። ምን እያደረገች ነው?»

ጽሑፉን ሳሳድድ ፊቷን አላየሁትም ነበር። ቀና አልኩ። ልጅቷ ከበሩ ፈቀቅ ብላ እህቷን እያሳለፈቻት ነው።

«ከበሩ ፈቀቅ አለችላት» አልኩ።

«ይኸው» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ዝም እንድል ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።