አንደኛ ምርጫዬ የደረሰኝ ለታ

በቅሎ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገዝቼ አላውቅም። ወደፊትም ምን ቆርጦኝ! ግን የበቅሎ ግዢ የሰውን ልጅ ዕድሜ እንዴት አድርጎ እንደሚበላ ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ይኸው ዛሬ ጠዋት ጫጫ አጠገብ አንድ የገበሬ ግቢ ውስጥ ቆሜ ስለ በግ እርባታ አስተማርኩ። እኔ! ስለ በግ! የግቢው ባለቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ያረቡ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ አንድም ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስጨርስ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ስንት በግ አለህ?» አሉኝ። አንድም የለኝም። በግ አልወድም። ሽታውም ያመኛል።

ታዲያ የማልወደውን ነገር ከእኔ አብልጠው ለሚያውቁት ሰዎች የማስተምረው ለምንድን ነው? ልንገራችሁ። ስነግራችሁ ብቆጣ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ካለፈ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔን ግን ትናንት የሆነ ይመስል ደሜን ያፈላዋል።

አባቴ፣ አቶ ተክሌ፣ የአንኮበር ገበሬ ናቸው። በገበሬነታቸው ግን ማንም አያውቃቸውም። የሚታወቁት በበቅሎ ግዢ ነው። በቅሎ የሚፈልግ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ነው አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርደው። አንድ ቀን እኔንም ይዘውኝ ወረዱ። ገና ገበያው ጫፍ ስንደርስ የሚፈልጓትን አይተዋታል፤ አንዲት ጥቁር በቅሎ፣ የበቅሎ ነጋዴው የሰይድ። እህ፣ ዋጋዋን ይጠይቁ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ እንደ ድንጋይ ቆጥረው አልፈዋት ሄዱ! ሄደው ከጎኗ የቆመች አንዲት አንካሳ ላይ ተለጠፉ። ጥርሷን ገልጠው አዩ። ሰኮናዋን አነሡ። ጀርባዋን ደባብሰው «ይህቺማ ንግሥት ናት» አሉ። ሰይድ ራሱ ግራ ገባው። «ወላሂ አቶ ተክሌ፣ ይህቺን እንኳ ለእርስዎ አልመክርም» አላቸው፤ ጨዋ ነጋዴ ነው። እሳቸው ምን ቸገራቸው! እስከ እኩለ ቀን በአንካሳዋ ተከራከሩ። ሰይድ ጉሮሮው ደረቀ። በመጨረሻ «ይቅርብኝ» ብለው ተነሡ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ ጥቂት ራመድ አሉና የረሱት ነገር እንዳለ ሁሉ ዞር ብለው፣ «ያቺ ጥቁሯስ? እንዲያው ለምኑም አትሆን፣ ለእንጨት መጫኛ እንኳ…» አሉ። ሰይድ ደክሞታል፤ ሰጣቸው። ዳገቱን ስንወጣ አባቴ በደስታ ያዜሙ ነበር። የምትፈልገውን ነገር በዓይንህ እንኳ አትየው አሉኝ። እኔም አደነቅኋቸው። ነገሩ በበቅሎ ቢያበቃ ዛሬም አደንቃቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከመዘዞ ከመጣ ግርማ ከሚባል ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አላወራውም። ስንቄ ሲያልቅ ሙሉ ቀን በእግሬ ሄጄ ከአንኮበር አመጣለሁ። የክፍላችን ልጅ ግማሹ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚማር አያውቅም ነበር። አንዱ ዳኛ እሆናለሁ ይላል፣ በሳምንቱ የጦር መኮንን ነኝ ይላል። እኔ ግን የምፈልገውን አውቅ ነበር። መሐንዲስ ነው መሆን የምፈልገው።

ምክንያት አለኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በክረምት፣ እኅቴ ዘነበች ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ስንገሰግስ አንዲት ጅረት ሞልታ ጠበቀችን። በበጋ ዶሮ የምትሻገራት ጅረት! ውሃው እስኪጎድል ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳር ላይ ቁጭ አልን። እኅቴ ትጮሃለች፣ ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኅቴ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ቃሬዛውን ከፊት የያዙት አባቴ ነበሩ። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ፣ እዚህ ቦታ ላይ ድልድይ ሳልሠራ አልሞትም አልኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ግን ከልቤ ነው ያልኩት።

እንግዲህ አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ሰበሰቡንና ቅጽ አደሉን። ሦስት መስመር አለው፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። ከታች የወላጅ ፊርማ። ዳይሬክተሩ በሚገባ አስረዱን። ከሁሉ አብልጣችሁ የምትፈልጉትን ኮሌጅ አንደኛ ላይ ጻፉ፣ ውጤታችሁ ከፈቀደ የምትመደቡት እዚያ ነው አሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ግልጽ ነገር አለ? ሕንዳዊው የሒሳብ መምህራችን ደግሞ በአጠገቤ ሲያልፉ ጣታቸውን አንደኛው መስመር ላይ አኖሩና «ምህንድስና» አሉኝ። ሌላ አማርኛ የላቸውም፤ ያችን ቃል የት እንደተማሯት እንጃ። ምናልባት ለእኔ ብለው ይሆናል።

ግርማ እዚያው ወንበሩ ላይ ሞላ። አንደኛ ምርጫ፣ ምህንድስና። ለምን ስለው፣ መሐንዲሶች ጂፕ ይነዳሉ አለኝ። ጂፕ! የአባቱንም ፊርማ እዚያው በግራ እጁ ፈረመ። እኔ ግን ጨዋ ልጅ ነኛ! የአባቴን ፊርማ በሐሰት ልፈርም? ቅጹን ደብተሬ መሐል አስገብቼ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ፣ ወደ አንኮበር። ይብላኝ ለጨዋነቴ!

አባቴ ዳዊት ቢደግሙም ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለነበር እኔ ተረጎምኩላቸው። ምን መማር እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ያችን ጅረት ስጠራ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። «ተባረክ» አሉኝ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ የት ላይ እንደምጽፈው ጠየቁኝ። አንደኛ ላይ ነዋ አልኩ።

እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ለማታውቃቸው ሰዎች? አዲስ አበባ ለተቀመጡ? የልብህን አውጥተህ ከፊታቸው ልታሰጣው? እንዲህ እንደጓጓህ ካወቁ ምን አስጨንቋቸው ይሰጡሃል? መጫወቻ ነው የሚያደርጉህ! ዳይሬክተሩ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አባቴ ፈገግ አሉ። «ዳይሬክተሩ ደመወዙን ማን ነው የሚከፍለው?» አሉ። መንግሥት አልኳቸው። «በል እንግዲህ፣ የሻጭ ደላላ ነው» አሉ። ለዚህ ምን ይመለሳል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?

የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሥላሴ ተጠሩ። እሳቸው እንኳ ይገላግሉኛል ብዬ ነበር። አባ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ረጋ ብለው፣ ሰርግ ቤት ሲገባ ማንም ሳይጋብዘው ከላይኛው መደብ ላይ ቁጭ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አላየሁም አልኩ። አንተስ ምን ሆነህ ነው ገና ከደጅ ሳለህ አንደኛውን ስጡኝ የምትል አሉኝ። እንግዲህ የገበያው ሰው በገበያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ መጡብኝ። ከጓዳ «ኧረ የፈለገውን ይጻፍ እባካችሁ፤ ልጁ አይደል የሚማረው?» ያለች እናቴ ብቻ ናት። እሷን ማን ሰምቷት!

«ከሁሉ የምትጠላው የቱ ነው?» አሉኝ አባቴ። አፈርኩ። ሰውየው ገበሬ ናቸው፤ እንዴት ብዬ እርሻ ልበላቸው? ሲጨቀጭቁኝ ግን አወጣሁት። ይቀየማሉ ብዬ ስፈራ፣ «ማን ይወደዋል ታዲያ!» አሉና ጣታቸውን አንደኛው መስመር ላይ አሳረፉ። እርሻን ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ መምህርነትን ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ። ቀጠን አድርገህ ጻፈው፣ የጓጓ ሰው ጽሕፈት አይምሰል አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ምህንድስናን ቀጠን አድርጌ ጻፍኩት! ለዓይን እንኳ አይታይም። ከዚያ አባቴ ከታች ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጻፉ።

በማግስቱ ስመለስ ያች ጅረት ዳር አረፍኩ። በጋ ነው፤ ውሃዋ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ቅጹን አውጥቼ አየሁት። ብዕሩ በኪሴ ነው። ደብረ ብርሃን ስደርስ ዳይሬክተሩን ሌላ ቅጽ ብለምናቸው አይከለክሉኝም ነበር። ለምን አልለመንኩም? እውነቱን ልናገር? እኔም ግማሽ በግማሽ አምኜ ነበር። ያችን ጥቁር በቅሎ ሲያመጧት በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ተሳስተው አያውቁም፣ ምናልባት ያውቁ ይሆናል አልኩ። ከአባቴ ይልቅ የሚያናድደኝ ያን ቀን እዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ የነበረው ጅል ነው። አግኝቼ በጥፊ ባጮልኩት!

ፈተናውን በደህና ውጤት አለፍኩ። በሒሳብ ከክፍሌ የበለጠኝ የለም። ምደባው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን ግርማ ቀድሞኝ አይቶ ኖሮ እየጮኸ መጣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እሱ ምህንድስና ደርሶታል። «አንተም ደስ ይበልህ፣ አንደኛ ምርጫህ ነው የደረሰህ!» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ከስሜ ጎን እርሻ ይላል። ሕንዳዊው መምህር ሰሌዳው አጠገብ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት፤ ከዚያ አዩኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? በየትኛው ቋንቋ?

አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ። ምደባውን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሁለት ቀን ደጅ ጠንቼ ከአንድ ጸሐፊ ፊት ቀረብኩ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተበጠረ ሰው ነው። ፋይሌን አውጥቶ አየና አንደኛ ምርጫህ ምንድን ነው አለኝ። እርሻ አልኩ። ምን ተሰጠህ አለኝ። እርሻ አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ምን ጎደለብህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አባቴን፣ በቅሎዋን፣ አንካሳዋን፣ ቀጠን ያለውን ጽሕፈት። ሰውየው ተነሣና ከወዲያኛው ክፍል ሁለት ባልደረቦቹን ጠራ። እስቲ ለእነዚህም ንገራቸው አለኝ! ነገርኳቸዋ፣ ምን አማራጭ አለኝ? አንዱ ሆዱን ይዞ ወንበር ላይ ወደቀ። ስቀው ሲያበቁ ጸሐፊው ዓይኑን እየጠረገ፣ የምህንድስናው ቦታ ሞልቷል፣ ጽሕፈቱ የራስህ፣ ፊርማው የአባትህ ነው፣ ምንም ማድረግ አልችልም አለኝ። ሲሸኘኝም እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ይህን ሰው እስከ ዛሬ በየመንገዱ እፈልገዋለሁ።

ወደ አንኮበር ስመለስ ያን ሁሉ መንገድ የምናገረውን ሳጠና ነው የሄድኩት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆሜ ጮኽኩ። እንደ አገራችን ወግ አባት የሚጠራው በአንቱታ ነው፤ በአንቱታ መቆጣት ደግሞ እንዴት እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል። «አጠፉኝ!» አልኩ። «ሕይወቴን በአንካሳ በቅሎ ለወጡት!» አልኩ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከነበርኩበት ንዴት ይልቅ እሱን መጠበቄ ነው ዛሬ የሚያሳቅቀኝ።

«አንደኛውን ሰጡህ?» አሉ።

ሰጡኝ አልኩ።

«ሳይከራከሩ?»

«ሳይከራከሩ!»

ጭናቸውን ጠፍ አደረጉ። «ወይኔ! ያን ያህል ከፈለጉህማ ርካሽ ነገር ነው የጠየቅነው! ሐኪምነትን ነበር አንደኛ ላይ ማድረግ። ሌላ ሰው ሳይቀድመን ነገ በጠዋት ሄደን ሐሳባችንን ለውጠናል እንላቸዋለን» አሉና ጋቢያቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«አባዬ፣ ሐኪምነት ማን አለ? ምህንድስና ነው የምፈልገው! ያችን ጅረት ረሷት? ዘነበችን ረሷት? ከልጅነቴ ጀምሮ ከምህንድስና በቀር የተመኘሁት ነገር የለም!» አልኩ። ዕንባዬ መጣ።

አባቴ ጋቢያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ትክ ብለው አዩኝ። ከልባቸው ነው የገረማቸው።

«ይህን ያህል ከፈለግኸው ታዲያ» አሉኝ፣ «ምን ሆነህ ነው ሦስተኛ ላይ የጻፍከው?»